ማጣሪያው ሞልቷል ሲሏችሁ

ሰሞኑን ከፍራንክፈርትም ከኮሎኝም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው የናፍጣ መኪና ነው፤ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ከዚያ ጋራዡ «ዲፒኤፉ (የጭስ ማጣሪያው) ሞልቷል፣ ይቀየር» ይላል። የሚጠሩት ዋጋ አንዳንዴ መኪናው ራሱ ቢሸጥ ከሚያወጣው አይተናነስም።

ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ግን ማጣሪያ መሙላት ሥራው ነው። የሚያሳስበው ለምን እንዳልተቃጠለለት ወይም ጥቀርሻው ለምን ከወትሮው እንደበዛበት ነው። ይህ ሳይታወቅ አዲስ የሚያስገባ ሰው ያንኑ መብራት ከወራት በኋላ እንደገና ያየዋል።

አሠራሩን ባጭሩ ልበል። ማጣሪያው ብዙ ቀጫጭን ቦዮች ያሉት ሴራሚክ ነው። ግማሾቹ ቦዮች ከፊት፣ ግማሾቹ ከኋላ ስለተደፈኑ ጭሱ ግድግዳውን ሰርጎ ካልሆነ አያልፍም፤ ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል። ረጅም መንገድ ሲነዳ ከፊሉ በጭሱ ሙቀት በራሱ ይቃጠላል። ያ ካልበቃ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ያስረጭና ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ አድርሶ ያቃጥለዋል። ከሰል ያነደደ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል፤ ከሰሉ ነዶ ያልቃል፣ አመዱ ምድጃው ውስጥ ይቀራል። እዚህ አመዱ በዋናነት የሚመጣው ከሞተር ዘይት ነው። ስለዚህ የመኪናው መመሪያ አመዱ ያነሰ ዘይት ካዘዘ፣ በቅናሽ የተገኘውን ማንኛውንም ዘይት መጨመር ቁጠባ አይደለም።

ቴክኖሎጂው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ፔጆ 607 እ.ኤ.አ. በ2000 ይዞት ወጥቷል። ለሁሉም የተዳረሰው ግን ዩሮ 5 የተባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ሲመጣ ነው፤ በዩሮ 4 በኪሎ ሜትር 25 ሚሊግራም የነበረው የብናኝ ገደብ ወደ 5 ሚሊግራም ሲወርድ ያለ ማጣሪያ የሚያልፍ የናፍጣ መኪና አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ ወገኖቻችን በርካሽ የሚገዟቸው ብዙዎቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ናቸው፤ ሁለትና ሦስት ሰው እጅ አልፈው፣ መቶ ሺዎች ኪሎ ሜትር ተነድተው የመጡ።

አሁን ወደ ምርመራው። ምርመራ የሚጀመረው ጠዋት ነው፤ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ። የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ መሣሪያ ሰኩ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። በጭስ መስመሩ ላይ ያሉት የሙቀት ሴንሰሮች ሁሉ ከውጭው አየር ጋር የተቀራረበ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። ውጭው 8 ዲግሪ ሆኖ አንዱ ብቻ 90 ካለ ውሸታሙን አገኛችሁት። ቀጥሎ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት እዩ። ሞተር ጠፍቶ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ነፋስ በማያልፍበት ቱቦ ውስጥ 20 ሚሊባር ካሳየ ኮምፒውተሩ የሌለ ጥቀርሻ እየቆጠረ ነው። ይህን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ስንቱ ጋራዥ ያየዋል? መኪናው ገና ትኩስ እያለ ገብቶ፣ ኮዱ ተነቦ፣ ዋጋ ተነግሮ ይወጣል።

ሴንሰሩ ጤነኛ ከሆነ ወደ እሱ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች በእጅ ዳስሱ። በሙቀት ይሰነጠቃሉ፣ በጥቀርሻ ይደፈናሉ፤ አንዳንዴም የቀድሞው መካኒክ አዛውሯቸው ይገኛል። ከፊት ያለው ሲሰነጠቅ ግፊቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይነበባል፤ ኮምፒውተሩም ማጣሪያው የተበሳ ወይም የሌለ ይመስለዋል። ፒ2002 የሚለው ኮድ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የቱቦው ዋጋ ከማጣሪያው ዋጋ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

ከዚያ ሞተሩ ይነሳና ይሙቅ። በዝቅተኛ ዙር የግፊቱ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይወጣል፣ ሲለቀቅ ወዲያው ይመለሳል። ትክክለኛው ቁጥር እንደ መኪናው ይለያያልና ከሌላ መኪና የተዋሰ ቁጥር ይዞ መፍረድ አያስኬድም። የጭስ ማውጫውን አፍም በጨርቅ ጥረጉት (ሲቀዘቅዝ ነው፣ እጃችሁን አደራ)። ደህና ማጣሪያ ያለው የናፍጣ መኪና ጫፉ ላይ ጥቁር ጥቀርሻ አይኖረውም። ጨርቁ ጠቁሮ ከወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ቀድሞ ባለቤት የነበረው ሰው ውስጡን አስወጥቶታል። መኪና ልትገዙ ስትሄዱም ይህቺን ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው የማይጠረጥረው ቴርሞስታቱን ነው። ክፍት ሆኖ ከቀረ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ በክረምት 60 እና 65 ዲግሪ ላይ ይንገላታል። በብዙ መኪኖች ሞተሩ በቂ ሙቀት ካላገኘ ኮምፒውተሩ ማቃጠሉን አይጀምርም። ባለቤቱ ማሞቂያው ትንሽ ለዘብ ማለቱን ያያል፣ «የጀርመን ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ጥቀርሻው ግን ቀን በቀን ይከመራል። የዳሽቦርዱ መርፌም አያድንም፤ ብዙዎቹ መርፌዎች ሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ ተተክለው እንዲቆሙ የተሠሩ ናቸው። እውነተኛውን ዲግሪ የሚያሳየው መሣሪያው ነው።

ሌሎቹን ልጥቀስ። የተሰነጠቀ የቱርቦ አየር ቱቦ፣ ክፍት የቀረ ኢጂአር (ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልስ) ቫልቭ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፤ ሁሉም ጥቀርሻ ወይም አመድ ያበዛሉ። አነዳዳችሁም አለበት። ስትቆሙ ዙሩ ከፍ ብሎ፣ ፋኑ እየጮኸ፣ የጋለ ሽታ ከመጣ ማቃጠል ላይ ነው፤ ከቻላችሁ አታጥፉት፣ ትንሽ ንዱት። በየጊዜው ከተቋረጠ ያልነደደው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ በቶሎ ዘይት ቀይሩ። ጋራዡ በመሣሪያ አስገድዶ ላቃጥለው ካለም ምክንያቱ ሳይጠገን አይሁን። ከመጠን በላይ የሞላውን ማስገደድ ሴራሚኩን ሊሰነጥቅ፣ ከባሰም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በእርግጥም አመድ ከሆነ የሞላው፣ ወልቆ በባለሙያ ይጸዳል፤ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ጠርሙስ አመድ አያጠፋም።

«ለምን ቆርጬ አላወጣውም?» የሚሉኝም አሉ። ጀርመን ውስጥ እንዲህ የተደረገ መኪና በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ያጣል። ሕጉን ትተን ጭሱን ብናየው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ያን ጭስ የሚተነፍሰው ከኋላችሁ በጋሪ የሚገፋው ሕፃን ነው። አገር ቤት ላለው ዘመዴ ግን እንዲህ በድፍረት አልናገርም። አውሮፓ ናፍጣው ከ10 ፒፒኤም በላይ ሰልፈር እንዳይኖረው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያስገድዳል፤ ማጣሪያውም የተነደፈው ለዚያ ነው። ሰልፈር የበዛበት ነዳጅ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስጎትት መንገድ፣ ይህ ሁሉ ባለበት ጥፋቱን ማጣሪያውን ቆርጦ በሚያወጣው መካኒክ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም።

ልትጽፉልኝ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እመልሳለሁ። የመኪናውን ዓመትና የተነዳውን ኪሎ ሜትር፣ የወጣውን ኮድ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የተነበበውን የሙቀትና የግፊት ቁጥር፣ መንገድ ላይ ደግሞ የውሃውን ሙቀት ላኩልኝ። «መብራት በራብኝ» ብቻ ብላችሁ ግን አትላኩልኝ፣ እባካችሁ።