ኩኩሉ ተጫውቶ ፈላጊ ያጣው ሰውዬ

ዛሬ ጠዋት ደሜን ያፈላው ያ ልጅ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ለፋሲካ የለጠፍኩት ፎቶ ላይ የዶሮዋን እንቁላል ከፍ አድርጎ ይዞ የሚስቀው። አገር ቤት አካውንቲንግ ተምሮ ባንክ ይሠራ ነበር። እዚህ ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ማታ ምግብ ያደርሳል። ከመጣ ጀምሮ «ነርሲንግ እማራለሁ» ሲለኝ ከርሞ፣ ዛሬ ምዝገባው ሊዘጋ መሆኑን ሳስታውሰው ስኒውን እያሽከረከረ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ 36 እኮ ሞላኝ። ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው! የትኛው ሰው? የቤት ኪራዩን የሚከፍልለት ሰው?

ቡናዬን ትቼ ስልኬን አወጣሁና ሮድኒ ዴንጀርፊልድን አሳየሁት። ስሙን አያውቅም እንጂ ሰውዬውን ያውቀዋል። «ውይ፣ ይኼ ዓይኑ የፈጠጠው ሽማግሌ!» አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባት። ያልበዋል፣ አንገቱን ያወዛውዛል፣ የከረባቱን ቋጠሮ ይጎትታል፣ አንዱን ቀልድ ሰምታችሁ ሳትጨርሱ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ከሞተ 20 ዓመት አልፎታል፤ ቲክቶክ ላይ ግን ከኔም ከናንተም የበለጠ ተመልካች አለው።

«ይህ ሰው ስንት ዓመቱ ላይ የታወቀ ይመስልሃል?» አልኩት።

«25?»

ወይ 25! እንግዲህ ለሱ የነገርኩትን ለናንተም ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቃጨቁ።

በ1921 ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ሲወለድ ስሙ ጄኮብ ኮኸን ነበር። አባቱም የመድረክ ሰው ነበር፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሕዝብ ያስቃል፣ የራሱን ቤት ደጃፍ ግን የሚረግጠው ከስንት አንዴ ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር ኩዊንስ አደገ። የሰው አስቤዛ ያደርሳል፣ ጋዜጣ ይሸጣል፣ በበጋ ባሕር ዳርቻ ላይ አይስክሬም ያዞራል። ቀልድ መጻፍ የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው። ጃክ ሮይ ተብሎ መድረክ ላይ ወጣ፤ ሌሊት ሌሊት በየክለቡ ተንከራተተ፤ እየዘፈነ የሚያስተናግድ አስተናጋጅ ሆኖም ሠራ። ወደ 30 ሲጠጋ ደከመው፤ ትዳር መጣ፣ ተወው። ኒው ጀርሲ ወርዶ የቤት ግድግዳ የሚሸፈንበትን አሉሚኒየም መሸጥ ጀመረ። በር እያንኳኳ።

ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ የሚመልሳት መልስ ነበረችው፤ ሥራውን ማቆሙን ያወቀው እሱ ብቻ እንደነበር። ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ዛሬ ግን ልጁ ፊት ቁጭ ብዬ ሳስባት ሌላ ነገር ሆነችብኝ። ሲሄድ ያላየው ሰው ሲመለስም አያየውም ማለት ነው እኮ! ማን ይታዘበው? ታዛቢ ብለን የምንፈራው ሕዝብ የራሱን ኪራይ እያሰላ ነው የሚውለው።

ተመለሰ። በ40ዎቹ ዕድሜው፣ በዕዳ ተይዞ፣ ቀን ሥራውን ሳይለቅ። ይሉኝታ ደግሞ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ፈርቷል። ድሮ የሚያውቁት ሰዎች «ያ ጃክ ሮይ ዳግመኛ ሊወድቅ መጣ» እንዳይሉት የክለቡን ባለቤት ሌላ ስም ስጠኝ ብሎ ለመነው። ሮድኒ ዴንጀርፊልድ እንግዲህ እንዲህ የተገኘ ስም ነው፤ ድሮ በሬዲዮ ኮሜዲ ላይ ለቀልድ ያህል የተጠራ የፈጠራ ስም። የሐፍረቱ መሸሸጊያ ያደረገው ስም ነው በመጨረሻ ዓለም ያወቀው።

ከዚያ ያቺ የኩኩሉ ቀልድ መጣች። ልጅ ሆኜ ድብብቆሽ ስጫወት የሚፈልገኝ ጠፋ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጥሩ ቀልድ ናት፤ ግን ብቻዋን ቆማ ትንሽ ቀዘቀዘችበት። ፊት ለፊቷ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀደመ፤ እኔን እኮ የሚያከብረኝ የለም አለና ቀጠለ። አዳራሹ ፈረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ዕድሜ ልኩን የሠራው ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ሚስቱ አታከብረውም፣ ሐኪሙ አያከብረውም፣ ውሻው አያከብረውም። ልጅ ሆኖ ጠፍቶ ፖሊሱን ወላጆቼን እናገኛቸው ይሆን ሲለው፣ ፖሊሱ «እንጃ፣ መደበቂያው ብዙ ነው» ይለዋል። አባቱ ቤት ያልነበረ ልጅ የሠራት ቀልድ መሆኗን ስታውቁ እንደ መጀመሪያው ቀን አያስቃችሁም። ያስቃችኋል፣ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚነካችሁ።

በ1967 በቴሌቪዥን የኤድ ሱሊቫን ሾው ላይ ቀረበ። 45 ዓመቱ። ያኔ ነው እንግዲህ «አዲስ ኮሜዲያን» የተባለው። በ1969 ማንሃተን ውስጥ ዴንጀርፊልድስ የሚባል የራሱን ክለብ ከፈተ። ለምን መሰላችሁ? ከከተማ ከተማ መዞሩን ትቶ ከልጆቹ ሳይርቅ እንዲሠራ። አባቱ ያልሠራውን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ሰው ተቀምጦ፣ ወደ መድረኩ ዞሮ፣ ቀልድ ሊሰማ ብቻ የሚገባበት ቤት።

ሊሰማ ብቻ። እዚህ ላይ ሳልተነፍሰው የማላልፈው ነገር አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ባለሠርጎቹ ያነቡኛል፤ ሠርጋችሁ ያምር ነበር፣ ክትፎውም እንከን አልነበረውም፣ ጸቤ ከናንተ ጋር አይደለም። አንድ ወጣት ኮሜዲያን ተጋብዞ ነበር። ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ከመድረኩ ጎን ቆሞ አመሸ። የተጠራው መቼ ነው? ሰው ምግብ ሊያነሳ ሲሰለፍ! ማይኩ ያፏጫል፣ ሕፃናት በካልሲያቸው የዳንሱ ወለል ላይ ይንሸራተታሉ፣ አክስቶች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ «አዋዜ አለ ወይ» ይባባላሉ። ልጁ ስለ ኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ አንድ ረጅም ቀልድ ጀመረ። ጎበዝ ነው! ጠያቂዋን፣ አስተርጓሚውንና ከገጠር የመጡትን አባት በሦስት ድምፅ እየለዋወጠ ያወራል። አባትየው ጥያቄው ሳይተረጎምላቸው ይመልሳሉ፣ አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆኗል፤ የኔ ጠረጴዛ ሰዎች ጉርሻቸውን በአየር ላይ ይዘው መስማት ጀምረዋል። ሊጨርስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲቀረው የመድረክ መሪው ማይኩን ከእጁ ነጠቀና «ግራጫ ካምሪ ያቆማችሁ፣ እባካችሁ የሰው መኪና ዘግታችኋል!» አለ። ከዚያ ማይኩን መለሰለት።

«ቀጥል!»

ምኑን ይቀጥል? ቀልድ የከረመ ሽሮ ነው እንዴ ዳግም የሚሞቀው?

በኋላ ውጪ አግኝቼው «አባትየው ታዲያ ምን ብለው መለሱ?» አልኩት። «ተወው ጋሼ» አለኝ። እስከ ዛሬ አላውቅም። ይባስ ብሎ ለካ የመጣው «ለወዳጅነት» ነው። ዲጄው ተከፍሎታል። ቪዲዮ አንሺው ተከፍሎታል። ሙሽሮቹ ሲደንሱ እግራቸው ሥር ጭስ የሚለቀው ሰውዬ ሳይቀር ተከፍሎታል። ለጭስ ይከፈላል! የሚያስቀን ልጅ ግን በወዳጅነት፣ ያውም በካምሪ ታርጋ እየተቋረጠ። ከዚያ ደግሞ ኮሜዲያኖቻችን አያስቁም እንላለን። እስቲ አንድ ቀን ዝም ብለን እንስማቸው!

እሺ፣ ተነፈስኩ።

ሮድኒ ግን ይኼ ገብቶታል። አላከበሩኝም እያለ እንጀራውን የበላ ሰው፣ የሌላውን ቀልደኛ መድረክ እንደሱ ያከበረ ብዙ የለም። ኤችቢኦ ላይ ባቀረባቸው ፕሮግራሞች ሳም ኪኒሰንን፣ ሮዛን ባርን፣ ቦብ ሳጌትን ሕዝብ እንዲያያቸው አደረገ። ጂም ኬሪ ገና ማንም ሳያውቀው የሱን መድረክ የሚከፍትለት ልጅ ነበር። ኬሪ ራሱ ነው የሚያወራው፤ የታዋቂ ሰዎችን ድምፅ ማስመሰሉን ትቶ ያንን እብደቱን ሲጀምር ተመልካቹ ደንግጦ ያየዋል፣ ሮድኒ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ይስቃል። ሲወርድ፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣህ ነው እኮ የመሰልካቸው አለው። አላባረረውም። በሚቀጥለው ሾው ላይም ጂም ኬሪ ነው የከፈተው። እንዲህ ዓይነት አለቃ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ፊልም ላይ ስሙ የወጣው በ1980 ካዲሻክ ሲሠራ ነው፤ 58 ዓመቱ። ቀረጻው ላይ አንድ ነገር አስጨነቀው፤ የሚስቅ የለም። አንዱን ቀልድ ይለቃል፣ ጸጥታ። ሌላውን ይለቃል፣ ጸጥታ። አለቀልኝ ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ድምፅ እየተቀዳ ስለሆነ ማንም መሳቅ እንደማይችል ማስረዳት ግድ ሆነ። እስቲ አስቡት፤ በክለብ ጩኸት ውስጥ ያረጀ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ሲሰማው የወደቀ መሰለው። በዚያው ዓመት ያወጣው የቀልድ አልበም ግራሚ አገኘ።

አሁን ወደ ነርሲንጉ ልጅ እንመለስ። ሮድኒ በ1986 ባክ ቱ ስኩል የሚል ፊልም ሠራ፤ 64 ዓመቱ። ፊልሙ ላይ ሀብታም ነጋዴ ነው፤ ኮሌጅ ደጃፍ አልደረሰም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲከፋው አይዞህ ሊለው ሄዶ፣ እዚያው ከልጁ ጋር ተመዝግቦ ቁጭ ይላል! የኢኮኖሚክስ መምህሩ ፋብሪካ ስለ ማቋቋም ሲያስተምር፣ ሮድኒ ከኋላ ሆኖ ጉቦውንስ ረሳኸው፣ ቆሻሻ የሚያነሱትንስ ረሳሃቸው እያለ ያርመዋል። ስለ ደራሲው ኩርት ቮኔገት ጻፍ ሲባል ገንዘብ ከፍሎ ራሱን ቮኔገትን ያስመጣል፤ ቮኔገትም ራሱን ሆኖ ነው የተወነው። መምህሯ ወረቀቱን አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? ይህን የጻፈው ሰው ስለ ቮኔገት ምንም አያውቅም! ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። 64 ዓመቱ ላይ! አንተ ልጅ፣ ታነበኛለህ አይደል?

ዘላለም እየሳቀ የኖረ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ዕድሜውን ሙሉ ድብርት ነበረበት፤ እርጅናው ላይ በግልጽ ተናገረው። በ1994 የኦሊቨር ስቶን ፊልም ላይ ልጁን የሚያሰቃይ አባት ሆኖ ሲተውን፣ ትዕይንቱ የቲቪ ኮሜዲ ተመስሎ ከጀርባው የሚስቅ ሕዝብ ድምፅ ገብቶበታል። እኔ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም፤ ያንን ሳቅ እዚያ ቦታ መስማት ያማል። በ1995 የኦስካሩ አካዳሚ አባል ልሁን ብሎ ሲያመለክት አልተቀበሉትም። አድናቂዎቹ ጮኹ፤ አካዳሚው ሐሳቡን ሲቀይር፣ አሁን እሱ አልፈልግም አለ። ወንድ!

ሸሚዙና ከረባቱ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብተዋል። እኔ እዚያ በር ላይ ታክሲ ስነዳ ቱሪስት አውርጄ አልጠግብም፤ አንድም ቀን ይኼ ሸሚዝ ውስጥ አለ ብሎ የነገረኝ የለም። ሲያስረክባቸው፣ ሊንድበርግ አትላንቲክን የተሻገረበትን አውሮፕላን እንደምትወለውሉበት ይሰማኛል ብሏቸዋል። በ2004 ለልብ ቀዶ ሕክምና ሲገባ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቁት። ከተሳካ አንድ ሳምንት፣ ካልተሳካ አንድ ሰዓት ተኩል አለ። አልተሳካም፤ ኦክቶበር 5 ቀን በ82 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ሎስ አንጀለስ፣ እነ ማሪሊን ሞንሮ ያሉበት መካነ መቃብር ውስጥ ነው። ድንጋዩ ላይ ከስሙ ሥር የተጻፈው በኛ ቋንቋ «ሰፈሩ ተበላሸ በሉት» እንደ ማለት ነው።

መጪው ወር ሠርግ ያላችሁ፣ ኮሜዲያን ከጠራችሁ ሰው ከበላ በኋላ አቅርቡት፤ ክፈሉትም።