አምፖሏን እናውጣት?

ከመሪው ፊት ለፊት የሞተር ቅርጽ ያላት አንዲት ቢጫ መብራት አለች። መኪና የምትነዱ ሁሉ ታውቋታላችሁ። ቁልፉን ስታዞሩ ትበራለች፣ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። አልጠፋ ካለች ወይም በጉዞ መሐል ከበራች አንድ የምትነግራችሁ ነገር አላት ማለት ነው። የሚያደምጣት ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ ለምዷት አብሯት ይኖራል። አንዳንዱ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፍባታል። የባሰበት ደግሞ አምፖሏን ያስወጣታል።

እኔም በዚህ አገልግሎት ተጋብዤ አውቃለሁ። አምና መኪናዬ ቤንዚን መጨረስ አበዛች፤ ከኋላዋ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ መጣ፤ መብራቷም በራች። አንድ ጋራዥ ጎራ ብል የተቀበለኝ ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ጋሼ፣ የምታስጨንቅዎት እሷ ናት እንዴ? አምፖሏን እናውጣትና ይገላገሉ" አለኝ። ትኩሳት አለኝ ብሎ የመጣን በሽተኛ ቴርሞሜትሩን ሰብሮ እንደ መሸኘት ነው። ልጁን ግን አልቀየምኩትም። ደንበኞቹ ዘወትር የሚጠይቁትን ነው ያቀረበልኝ።

ለመሆኑ መብራቷ ወሬውን ከየት ታመጣለች? ወሬ አቀባዮቿ ብዙ ናቸው። ከዋነኞቹ አንዱ ጭስ መውጫው ቱቦ ላይ የተሰካ፣ ካንዴላ የሚመስል ዕቃ ነው፤ ኦክስጅን ሴንሰር ይሉታል። የጀርመኑ ቦሽ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1976 ቮልቮ መኪኖች ላይ ነው ለገበያ የዋለው። አንድ ጎኑ ጭሱን፣ ሌላው ጎኑ የውጭውን አየር ይነካል። ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል በሁለቱ መካከል ያለውን የኦክስጅን ልዩነት በኤሌክትሪክ ይናገራል። ወደ 0.9 ቮልት ሲጠጋ "ቤንዚን በዛ"፣ ወደ 0.1 ሲወርድ "አየር በዛ" ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን እየሰማ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ዓላማው 1 ኪሎ ቤንዚን በ14.7 ኪሎ አየር እንዲነድ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ባለ ካርቡራተር መኪና ባሕር ዳር ተስተካክላ እዚህ ብትወጣ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ትጨሳለች። እዚህ ተስተካክላ መተሐራ ብትወርድ ደግሞ አየር ይበዛባታል። የድሮ ሾፌሮች በየመንገዱ ከካርቡራተሩ ጋር የሚታገሉት ወደው አልነበረም። ባለ ሴንሰሯ መኪና ግን ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ራሷን እያስተካከለች ትሄዳለች፤ ወሬ አቀባዩ እውነቱን እስከነገራት ድረስ።

ወደ እኔ መኪና ልመለስ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያ አንድ ዕድሜ የጠገቡ መካኒክና አንድ ወጣት አብረው ይሠራሉ። ወጣቱ ኮምፒውተሩን ሰካና፣ "አየር በዝቷል ይላል፤ ሴንሰሩ ይቀየር" አለ። ሽማግሌው ካንዴላዎቹን ፈቱ። ሁሉም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። "በየት አገር ነው አየር በዝቶ ካንዴላ የሚጠቁረው? ይቺ ቤንዚን በዝቶባታል!" አሉ። ክርክሩ ጦፈ። እኔ አንዳቸው እስኪሸነፉ ስጠብቅ፣ ሽማግሌው ድንገት ዝም ብለው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ሰጡ። "ጥ-ጥ-ጥ" የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር። ከሞተሩ ራስና ከጭስ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ጋስኬቱ ተበልቷል። ጭሱ የሚወጣው እየተገፋ፣ እየተቋረጠ ስለሆነ በየመሐሉ የውጭ አየር በዚያች ስንጥቅ ይገባል። ሴንሰሩ ያን አየር አይቶ "አየር በዛ" ይላል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ይጨምራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል።

ስለዚህ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሴንሰሩም አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ወጣቱ ብቻውን ቢሆን ያልተበላሸ ሴንሰር በውድ ዋጋ ያስቀይረኝ ነበር። ሽማግሌው ብቻቸውን ቢሆኑ ደግሞ የቤንዚኑን መብዛት እንጂ ምክንያቱን ለማግኘት ይቸገሩ ነበር። የቁጥሩና የካንዴላው አለመግባባት ነው ስንጥቋን ያሳየን።

"የራሴ መኪና፣ የራሴ ቤንዚን፤ ማን ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ቤንዚን የበዛባት መኪና የምትተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ግን መርዝ ነው። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስትም የሚሠራው ቤንዚኑና አየሩ ልኩን ሲይዙ ነው፤ ቤንዚን ሲበዛበት ግሎ ይቃጠላል። ውስጡ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም አለና ፈልፍሎ የሚሸጠውም አለ። የጭስ ቱቦ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፤ መንገድ ዳር ቆመው ከሚሻገሩ ሕፃናት ፊት እምብዛም አይርቅም። ፕላስተር ስንለጥፍ እኛ መብራቷን አናይም፤ እነሱ ጭሱን ይምጉታል።

ይህ ጠባይ ከጋራዥ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በየመሥሪያ ቤቱም ጉድለት ያሳየ ኦዲተር ይዛወራል፣ ጉድለቱ ግን ወንበሩን አይለቅም። ልጃችን ትምህርት አልገባኝም ሲል "ዝም በል" የምንለውም ያው አምፖል ማውጣት ነው።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድመው የገቡት ግን ከእኛ ጋር ያረጃሉ፤ ሲያረጁ ደግሞ መብራታቸው መብራቱን ያዘወትራል። ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ "ስንት ያስወጣል?" ከማለታችሁ በፊት "ምን አነበብክ? ካንዴላውስ ምን ይላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ ሰውየውን አታጣድፉት። ወንበር ስቡና ጠብቁ።