ከሰኔ 30 እስከ ጳጉሜን

ሰኔ 30 ቀን 2017

የበጀት ዓመቱ ዛሬ ይዘጋል። የምንሠራው የደመወዝና የሒሳብ ሶፍትዌር ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አላረፈም። አንዷ ደንበኛ “ሲስተሙ እምቢ አለኝ” ትላለች፤ ያለፈውን ወር ሳትዘጋ ኖሯል። ሌላው ኢንተርኔት ተቋርጦበት እኛን ይወቅሳል። ባንክ ሄደን “ሲስተም የለም” ስንባል የምንበሳጭ ሰዎች፣ እዚህ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ሲስተሙ እኛው ነን።

ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል፤ አሁንም ቢሮ ነን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከዚህ ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈል ይላል። በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ይሆናል። ይህን ስሌት ኮድ አድርገን የምንሸጠው እኛ ነን። የእኛ ሌሊት ግን በፒዛ ነው የሚወራረደው።

ሐምሌ 12

ቅዳሜም ገባን። ፓርላማው ከትናንት በስቲያ የገቢ ግብር ማሻሻያውን አጽድቋል፦ ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ 35 በመቶ የሚቆረጠውም ከ10,900 በላይ ባለው ላይ መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ ሆነ። የወሩ ፔሮል ደግሞ እየደረሰ ነው። በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ 10,900 የተባለው ቁጥር ያልተሰነቀረበት ጥግ የለም፤ ያንን ሁሉ ስንለቅም ዋልን።

የቡድን መሪያችን አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። “የሕግ ቁጥር ኮድ ውስጥ አይጻፍም፤ ሰንጠረዥ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከሚጸናበት ቀን ጋር” አለችኝ። ለምን ቀኑ? ነገ ኦዲተር መጥቶ የግንቦትን ደመወዝ እንደገና አስሉልኝ ቢል በአሮጌው ሕግ መሰላት አለበት። ዩኒቨርሲቲ ይህን ያስተማረኝ የለም። ከዚህ ቤት እንዳልለቅ የሚይዘኝ፣ ከደመወዙ ይልቅ፣ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ መኖሩ ነው።

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ጎረቤቴ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት ይሠራል፤ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር ያወጣል። ቀናሁበት፣ አልዋሽም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን የራሱን ብሶት አወጣ፦ ሥራው በኢሜይል መጥቶ በኢሜይል ይቋረጣል፤ ሲቸግረው የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ጡረታም የለውም። ለእኔ ቀጣሪዬ 11 በመቶ፣ እኔም 7 በመቶ ለጡረታ እናስገባለን።

ወሬው መሃል ስልኬ ጮኸ፤ ደንበኛ ነው። እናቴ “ልጄ፣ የእናንተ ሥራ እሁድ የለውም እንዴ?” አለች። ላፕቶፑን ስከፍት ሲኒዬን አነሳችብኝ።

ጳጉሜን 3

አዲሱ ጁኒየር ፕሮግራሙን ሲሞክር ዋለ። ከውጭ የወሰድነው የቀን መቁጠሪያ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ይደናበራል። ዘንድሮ 5 ቀን ናት፣ በ2019 ደግሞ 6 ትሆናለች፤ ሁለቱንም መፈተን አለበት። እኔም ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

የትርፍ ሰዓታችን ይመዝገብ ብለን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቅርበናል። “እናስብበታለን” ብለዋል። ዘንድሮ ተመርቃችሁ እንዲህ ያለ ቤት የምትገቡ ልጆች፣ ግቡ፤ ከሰው ሥር ሆኖ መማር ሌላ ቦታ አይገኝም። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ግን የሥራ ሰዓቱን አንቀጽ አንብቡ፣ ከሌለም አስጽፉ።