ከዓመታት በኋላ ዳይስ ይዤ ተቀመጥኩ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ዘበኛውን አባብለዋለሁ» ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን የሚለየው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። ስክሪን የለም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለም። እንቆቅልሽ እየተባባልን በአፍ ብቻ አገር ስንሰጥና ስንቀበል ላደግን ሰዎች እምብዛም እንግዳ አይደለም።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ካወጡት ወዲህ ሕጉ ደጋግሞ ተከልሷል። እኔ የተማርኩት የ2003ቱን፣ «ሦስት ነጥብ አምስት» የምንለውን ነው፤ ሜሪላንድ ኮሌጅ ሳለሁ። ከዚያ ሥራው፣ የማታ ፈረቃው፣ ልጆቹ ተከታተሉና መጻሕፍቱ ካርቶን ገቡ። ዘንድሮ የተመለስኩት በ2024 በተከለሰው አምስተኛው እትም ነው።

የለውጡ ትርጉም የገባኝ ከመካከላችን አንዱ ሽፍታ አንቆ ለመያዝ ሲነሳ ነው። በድሮው ሕግ ይህ መከራ ነበር። መጀመሪያ ሽፍታው ቀድሞ የመምታት ዕድል ያገኛል። ከሳተህ፣ እጅህ ደርሶበት እንደሆነ በዳይስ ይታያል። ከደረሰ ሁለታችሁም ትጥላላችሁ፤ በዚያ ላይ የሰውነት ግዝፈት ይደመራል ይቀነሳል። መጽሐፍ ገልጠን ስንከራከር ታሪኩ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ተያዡ በጉልበቱ ወይም በቅልጥፍናው አንዴ ይጥላል፤ የተቆረጠለት ቁጥር ላይ ካልደረሰ ተያዘ፣ አለቀ። ጓደኛችን ወዲያው «ማን ነው የላከህ?» አለው። የዚያን ምሽት ጨዋታ ሁሉ የመራው ያ ጥያቄ ነው።

ድሮ ከፍ ያለ ቦታ መቆም 1፣ ጠላትን ከሁለት ወገን መክበብ 2 እያልን የምንደማምረው ነገርም ቀልሏል። ሁኔታው ካገዘህ ዳይሱን ሁለቴ ጥለህ ትልቁን ትወስዳለህ። 11 ለሚያስፈልገው ሰው ዕድሉ ከ50 በመቶ ወደ 75 ከፍ ይላል። ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በድሮው ሕግ ግማሽ ኦርክ ሆነህ ከተወለድክ ጉልበትህ ላይ 2 ይጨመራል፤ ከአእምሮህና ከግርማ ሞገስህ ደግሞ ሁለት ሁለት ይቀነሳል። ዘርህ ገና ሳትናገር ፈርዶብሃል። በ2024ቱ መጽሐፍ ቅነሳው የለም፤ ጭማሪውም የሚመጣው ካሳለፍከው ሕይወት ነው። ገበሬ ነበርክ? ነጋዴ? ወታደር? የቤተ መቅደስ አገልጋይ? በዘር ስም ብዙ ላየን ሰዎች ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

የማልወድለትም አለ። ድሮ ከዜሮ በታች የወደቀ ሰው በየዙሩ አንድ ነጥብ እየደማ፣ አሥር ሲሞላው ይሞታል፤ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንቆጥር ነበር። አሁን በየተራው ዳይስ እየጣለ ሦስቴ እስኪከሽፍበት ይቆያል፤ በመሀል ትንሽ ፈውስ ካገኘ ብድግ ብሎ ይዋጋል። ፍርሃቱ ሳስቷል። ያም ሆኖ ምረጥ ብትሉኝ አዲሱን እመርጣለሁ፤ ድሮ ለስሌት የሚባክነው ጊዜ አሁን ለመደማመጥ ስለተረፈልን።

አንድ ነገር ልጨምር። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕጎች በ2023፣ የተከለሱት ደግሞ በ2025 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቀዋል። ምንጩን እስከ ጠቀሰ ድረስ ማንም ሊተረጉማቸው፣ ሊያሳትማቸውም ይችላል። እንግሊዝኛው የከበዳቸው ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢጫወቱ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባም ሁኑ ዲሲ ወይም ቴል አቪቭ፣ ወደ አማርኛ የመመለሱን ሥራ አብራችሁኝ መጀመር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።