ቀጣዩን እሱ ያውቃል

ሶፍትዌር የተማረ ሁሉ ሊንክድ ሊስትን ያውቀዋል። ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ለሥራ ኢንተርቪው ሰሌዳ ላይ ይስለዋል፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አይገናኙም። እኔ ግን ሐረር እየኖርኩ ልረሳው አልቻልኩም።

አሬይ እንደ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቶቹ ተደርድረዋል፣ ቁጥር አላቸው፤ "ብሎክ 4፣ ቤት 12" ከተባላችሁ ማንንም ሳትጠይቁ ትደርሳላችሁ። ሊንክድ ሊስት ደግሞ ጀጎል ነው። 48 ሄክታር መሬት፣ 82 መስጊድ፣ ከ300 የሚበልጥ ጠባብ መንገድ። ፈረስ መጋላ ቆማችሁ የአንድ ሰው ቤት ብትጠይቁ ሙሉውን መንገድ የሚነግራችሁ የለም። "አቦ፣ በመኪና ግርግር ውረድና ጥግ ላይ ያለውን ልብስ ሰፊ ጠይቀው" ትባላላችሁ። ልብስ ሰፊው ወደ መስጊዱ ይልካችኋል፤ መስጊዱ ጋ ጫት የምትሸጠዋ ወደ አረንጓዴው በር። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ የራሱን ቦታና ቀጣዩን። ኖድ ማለት ይኸው ነው፤ ዳታና ፖይንተር።

እነ አለን ኒውል፣ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህን ሲሠሩ ችግራቸው ግልጽ ነበር። የሎጂክ ቴረሞችን የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ነገር ስንት ቦታ እንደሚወስድ ግን አስቀድመው አያውቁም። ስለዚህ ባዶ በተገኘበት አስቀምጦ ማያያዝ ቀለላቸው። ጀጎልም አንድ ግቢ ለልጆች ተከፍሎ አዲስ በር ሲወጣ የሰፈሩ ቁጥር ሁሉ አይቀየርም፤ ጎረቤት ብቻ "ከእኔ ቀጥሎ እሷ ናት" ይላል።

ዋጋው ፍጥነት ነው። መቶኛው ጋ ለመድረስ ዘጠና ዘጠኙን ማለፍ ግድ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ደግሞ ጎን ለጎን የተቀመጠ ዳታ አንድ ላይ ማፈስ ይወዳል፤ እዚህና እዚያ መዝለል ያዘገየዋል። ለአብዛኛው ሥራ አሬይ ይሻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። አንድ ኖድ ስታጠፉ ቀጣዩን አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ፣ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ሜሞሪ ውስጥ እያለ ይጠፋል፤ ማንም አይደርስበትም። ዘንድሮ መኪና ግርግር ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሱቁን ዘጋ። ሰዉ አሁንም "እሱ የነበረበት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ" ይላል። እሱን ለምናውቀው ይሠራል። ለታናናሾቻችን ግን ወደ ባዶ የሚጠቁም ጣት ነው። ሞባይል ላይ ያለው ካርታ መንገዱን ያሳያቸዋል፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይነግራቸውም።

ኮድ ላይ መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ቀጣዩን ያዙ። እዚህ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሱቃቸው ውስጥ እያሉ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ እንደ ሐረር ልማድ "አንተ" እያሉ፣ "ከአንተ ቀጥሎ ማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው።