በደንበኛ ቤት የወደቀው ፍም

በመርካቶ ዱባይ ተራ ከምንሸጠው ሰው ሠራሽ ሣር ለአንዲት ወይዘሮ ሳሎን አንጥፈን በጨረስን ጊዜ ቡና ቀረበልን። ረዳታችን የዕጣን ማጨሻውን ፈቀቅ ሲያደርግ ፍም ወደቀ። ቄጤማ ቢሆን ጠርገን በሌላ በተካነው ነበር፤ ይህ ግን ፕላስቲክ ነውና መዳፍ የሚያህል ስፍራ ቀለጠ። ወይዘሮዋ ወደ ጓዳ ገብተው ስለ ነበር ረዳታችን ረከቦቱን በላዩ አኖረበት፤ እኛም አይተን ዝም አልን፤ ይህንንም ስንናገር እናፍራለን። ነገር ግን ተመልሰው «ልጆቼ፥ ደክማችኋልና ጠጡ» ብለው ሁለተኛውን ስኒ ሲሰጡን ኅሊናችን እንቢ አለን፤ ረከቦቱን አንሥተን አሳየናቸው። የቀለጠውን በአራት ማዕዘን ቈርጠን አወጣን፤ ከተረፈው ሣር ልኩን ወስደን፥ አዘማመሙን ከቀድሞው ጋር አስማምተን በማስቲሽ አጣበቅነው፤ የማንጠፊያውንም ዋጋ አልተቀበልንም። ስለዚህ በሰው ቤት ያጠፋ ሠራተኛ፥ ባለቤቱ ሳያይበት አስቀድሞ ራሱ ይናገር እንላለን።