የእናታችን የሻይ ልክ

በአዲስ ቅዳም የደጋው ብርድ ብርቱ ነው፤ በቤታችንም እንግዳ ሲገባ ከሰላምታው ቀጥሎ ሻይ ይቀርብለት ነበር። እናታችን በራዱን የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከዲከረንስ ዛፍ በሚያከስለው ከሰል ላይ ጥዳ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ሸክሸክ አድርጋ ታፈላለች። ቅጠሉን ግን የምትጨምረው በራዱ ከወረደ በኋላ ነው፤ አብሮ ከተንተከተከ ይመርራልና።

ካረፈች ወዲህ በቅመሙ ልክ አልተስማማንም። ታላቃችን ቅርንፉዱ 3 ፍሬ ነበር ስትል፣ ታናሻችን 5 ነው ይላል፤ እናታችን ግን ቆንጥራ እንጂ ቆጥራ አታውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የውሽውሽ ሻይ ቅጠል ገዝተን በሁለቱም ልክ አፈላን፤ ሁለቱም ጣፈጠ፣ አንዱም የእርሷን አልመሰለም። ታናሻችን ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃው ተመለከተና፣ «ፍሙ ይሆን?» አለ። ዛሬ ከሰል አስገዝተናል።